የውሻው ድርሻ ከቁሌቱ በፊት ይለይ

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል
ከደሴ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፤

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አጥር ባለው ግቢ ሁሉ ውሻ ማየት የተለመደ ነው። በጦሳ ተራራ ግርጌ የሚኖር ሰው ጅብ በሌሊት ምን ያህል እንደሚቀርብ ስለሚያውቅ ያለ ውሻ ማደር አይወድም፤ ኮምቦልቻም መጋዘኑና ሱቁ የበዛባት ከተማ በመሆኗ ውሻን እንደ ዘበኛ ትቆጥራለች። ይሁን እንጂ ስለ ውሻ የሚነገረውና የሚጻፈው ሲነክስ ወይም ሲያብድ ብቻ ነው። ስለሚበላው ነገር በየቤቱ የሚሰማው አንድ ትእዛዝ ሲሆን እርሱም «የተረፈውን ስጠው» የሚለው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚሁ ስለ ተረፈው ነገር ነው።

በእኛ ቤት የሚተርፈው በወጥ የራሰ እንጀራ ነው። ወጡ ደግሞ ቀይም ሆነ አልጫ፣ የሥጋም ሆነ የሽሮ፣ መነሻው ቁሌት ነው፤ ቀይ ሽንኩርቱ በብዛት ተከትፎ ይበስላል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይጨመራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ሁሉ የሚገባው። ለሰው የሚጣፍጠው ይህ መሠረት ለውሻ መርዝ ነው። በሽንኩርት ዘሮች ውስጥ ያሉ የድኝ ውህዶች የውሻን ቀይ የደም ሕዋሶች እየጎዱ ያፈርሷቸዋል፤ መቀቀል፣ መጥበስም ሆነ ማድረቅ ይህን ጠባያቸውን አያጠፋውም። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚሉት አንድ ውሻ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ከበላ በደሙ ላይ ግልጽ ጉዳት ሊታይ ይችላል። 15 ኪሎ ለሚመዝን የተለመደ የግቢ ውሻ ይህ ከ225 ግራም ይጀምራል ማለት ነው፤ ይህም ከሁለት ወይም ከሦስት ራስ ሽንኩርት አይበልጥም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከቀዩ የበረታ ነው። ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ የምታውቅ ባለሙያ ሴት፣ የበዓል ማግስት ድስቱ ተጠርጎ ለውሻ ሲቀርብ ምን ያህል እንደሚደርሰው ሒሳቡን ከእኔ በተሻለ ልትሠራው ትችላለች። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠውም ቢሆን የሚጠራቀም ጉዳት አለው።

«ውሻ ከጥንት ጀምሮ ወጥ ሲበላ ኖሯል፤ ምን ሆነ?» የሚል ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የሽንኩርት ጉዳት በበላበት ሰዓት አይታይም፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል ወይም ይቀላል፣ ሲሮጥ ቶሎ ያለከልካል። በዚያን ጊዜ ወጡ ተረስቷል። እኛም «ብርድ መታው» እንላለን፤ ከዚያም ሲብስ ጎረቤትን መጠርጠር እንጀምራለን። በሰፈራችን ውሻ በሞተ ቁጥር «መርዝ አብልተውት ነው» ከሚባለው ውስጥ ስንቱ ከራስ ማጀት የወጣ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የውሻው ድርሻ የሚለየው ከማዕድ በኋላ ሳይሆን ምግቡ ሲሠራ ይሁን። ሥጋ በሚቀቀልበት ቀን ሽንኩርት፣ ጨው፣ በርበሬና ቅቤ ከመግባታቸው በፊት በንጹሕ ጭልፋ ጥቂት ቁራጭ ከነመረቁ ወደ ውሻው ዕቃ ይገልበጥ፤ ሥጋ በማይሠራበት ቀን ምስር ወይም እንቁላል ለብቻው ይቀቀልለት። እንጀራው ራሱ ችግር የለበትም። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ የእህል ምግብን መፍጨት እንደ ተኩላ አይቸግረውም፤ የስዊድን ተመራማሪዎች በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ ስታርችን የሚፈጭ ኢንዛይም የሚያመነጨው ዘረ መል በውሻ ላይ ከተኩላ ይልቅ ብዙ እጥፍ ተባዝቶ መገኘቱን አሳይተዋል። ስለዚህ ጤፉም፣ የቃሉ ወረዳ ማሽላም፣ የደጋው ገብስም እስከ በሰለ ድረስ ይስማማዋል። የማይስማማው ያልተጋገረ ሊጥና የጠላ አተላ ነው፤ ሁለቱም አልኮል አላቸው፤ ሊጡ ደግሞ ሆድ ውስጥ ገብቶ መቡካቱን ይቀጥላል።

መጠኑን በተመለከተ የምዕራባውያን የምግብ አሠራሮች እኛ በማናውቃቸው ፍሬዎችና ስፍሮች የተሞሉ ስለሆኑ፣ በእኛ ዕቃ የሚሠራውን ላስረዳ። 15 ኪሎ የሚመዝን፣ ያደገና ብዙ የማይሮጥ ውሻ በቀን ከ800 እስከ 900 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ይህም ጮማው ከተነሳለት 250 ግራም ያህል የበሰለ ሥጋ ወይም የሆድ ዕቃ፣ ከዚያው የሚመጣጠን የበሰለ ቂንጬ፣ ሩዝ ወይም ገንፎ፣ አንድ እፍኝ የተቀቀለ ዱባ፣ ካሮት ወይም ጎመን፣ እና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ሲሆን ይሟላል። ሁሉም በአንድ ላይ ተፈጭቶ ወይም ተከታትፎ በሁለት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካልተከታተፈ ሥጋውን ለቅሞ ጎመኑን እንደሚተው ውሻ ያሳደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጉበት ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ከሥጋው ሁሉ ጥቂቱን ብቻ ይያዝ። ሞራና የቅቤ አንጉላ ቆሽትን ስለሚያስቆጡ ለውሻ ደግነት አይደሉም። ከሐይቅ የሚመጣው ዓሣም ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን እሾሁ እስከ መጨረሻው መለቀም አለበት። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንዲሁ እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ፣ መረቁ ከወጣ በኋላ ወደ ጉድጓድ መሄድ ያለበት ነገር ነው።

ሥጋና እህል ብቻ ከሆነ ግን አጥንት የሚሠራው ካልሲየም ይጎድላል። ሥጋ ፎስፎረስ ይበዛበታል፤ ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ማነስ የለበትም፣ ከእጥፉም ብዙ መብለጥ የለበትም። ይህን ለመሙላት ከምንጥለው ነገር ውስጥ የእንቁላል ቅርፊት አለ። ቅርፊቱ ታጥቦ ለጥቂት ደቂቃ ይቀቀላል፣ ምጣድ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያም በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ይወቀጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ዱቄት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ስላለው፣ ከላይ ለጠቀስኩት ውሻ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። እንዲህም ሆኖ የቤት ምግብ ሁሉን ያሟላል ብዬ አልከራከርም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 200 የታተሙ የውሻ ምግብ አሠራሮችን መርምረው ከመቶ 95ቱ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር የሚጎድላቸው ሆነው አግኝተዋል። ዚንክ፣ ቫይታሚን ዲ እና ቫይታሚን ኢ ብዙ ጊዜ ከሚጎድሉት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ምግቡን ማፈራረቅ ያስፈልጋል፤ ለሚያድግ ቡችላና ለምታጠባ ውሻ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ሳያማክሩ በቤት ምግብ ብቻ ማሳደግ ተገቢ አይደለም። በፋብሪካ የሚዘጋጀው የውሻ ምግብ ለብዙዎቻችን አቅም የሚሆን ስላልሆነ «እርሱን ግዙ» ማለት ምክር አይሆንም።

የጾም ወቅት ለብቻው መነሳት አለበት። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት በክርስቲያን ቤት ሥጋም እንቁላልም አይሠራም፤ ውሻውም ሳይወድ ይጾማል፤ የሚደርሰውም ሽንኩርት የገባበት ሽሮ ነው። የደሴ ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሙስሊሙ ሥጋ ቤት በጾሙ ጊዜም ክፍት ስለሆነ ለውሻው ሽንፍላና ሳንባ በርካሽ ይገኛል። ሥጋው በየትኛው እጅ እንደተባረከ ውሻ አይጠይቅም። በሌላ በኩል ብዙዎቹ ሙስሊም ቤተሰቦች ለውሻ የተለየ ድስትና የተለየ ሳህን መድበው ከቤቱ ዕቃ ጋር ፈጽሞ አያቀላቅሉም፤ ይህ ሥርዓት ከታች የማነሳውን በሽታ ለመከላከልም የሚያግዝ በመሆኑ ሁላችንም ልንይዘው የሚገባ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እመጣለሁ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በርሃብ ያለቁትን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሁንም በመካከላችን ባሉበት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊትም ከተፈናቃይ ወገኑ ጋር አንድ እንጀራ በተካፈለ ከተማ ውስጥ «ለውሻ ምግብ አብስሉ» ማለት እንደ ቅብጠት ሊቆጠር ይችላል። ይህን ስሜት አከብራለሁ፤ የወሎ ሰው እህል ሲባክን ማየት የሚያመው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ግን የምለው ከሰው አፍ ነጥቃችሁ ለውሻ ስጡ አይደለም። ሰው የማይበላው ሳንባ፣ ጉሮሮ፣ የተራረፈ ጅማት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የደረቀ እንጀራ በየቤቱ አለ፤ አብዛኛው ዛሬም ወደ ውሻ እየሄደ ነው። የሚለየው እሳት ላይ መዋል አለመዋሉ ብቻ ነው። ለዚህ የሚወጣው ከሰል ወይም ጭራሮ ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የራት ድስት ከወረደ በኋላ በሚቀረው እሳት ላይ የውሻው ድስት ተጥዶ ሊፈላ ይችላል።

እሳት ላይ ይዋል የምልበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ውሻው ሳይሆን ልጆቻችን ናቸው። ለዓረፋም ይሁን ለፋሲካ በየግቢያችን ስናርድ፣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ አንዳንድ ጊዜ ነጣ ያለ፣ በውሃ የተሞላ ከረጢት ይታያል። «ይህስ አይበላም» ብለን ለውሻ እንወረውረዋለን። ከረጢቱ ኢኪኖኮከስ የሚባል የውሻ ትል ዕጭ ቤት ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ዕጮቹ በአንጀቱ ውስጥ አድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ይሆናሉ፤ በሺዎች ቢቆጠሩም እንኳ ውሻው የታመመ አይመስልም። እንቁላሎቻቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥተው በሣሩ፣ በጓሮው ጎመን፣ በውሃውና በውሻው ጸጉር ላይ ይቀራሉ። በግና ከብት ሲግጡ ይውጧቸዋል፤ ውሻውን ያሻሸ ሕፃን ደግሞ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጣቸዋል። በሰው ውስጥ ያው ከረጢት በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ለዓመታት ያለ ምልክት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ሆኖ ነው። ይህ በጥሬ ሥጋ ከሚይዘን፣ ኮሶ ጠጥተን ከምንገላገለው ትል ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያወራ እሰማለሁ።

በቄራ የሚታረድ ከብት የሥጋ መርማሪ ስለሚያየው የተበከለው ክፍል ይወገዳል። በግቢ የሚታረደውን ግን ማንም አይመረምረውም፤ መርማሪው አራጁና የቤቱ እመቤት ናቸው። ስለዚህ ከረጢት የታየበት ሳንባና ጉበት ሳይፈነዳ ተቃጥሎ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ጤነኛ የሚመስለውም ቢሆን ከረጢቱ ከውስጥ ሊሆን ስለሚችል ጥሬውን አይሰጥ። በጥናት እንደተረጋገጠው የበግ ሳንባና ጉበት ለ30 ደቂቃ ሲቀቀል ዕጮቹ ይሞታሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ እኛ በቀጭኑ ቆራርጠን፣ ከፈላ በኋላ 40 ወይም 50 ደቂቃ ብናቆየው ይሻላል፤ ኮምቦልቻዎች ዝቅ ስለሚሉ ትንሽ ይቀልላቸዋል። በአንጻሩ የእነርሱ ሙቀት የበሰለውን ቶሎ ስለሚያበላሸው ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው የዕለቱን ለዕለቱ ቢሠራ መልካም ነው። ለትሉ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ባለበት አካባቢ ውሾች ቢያንስ በዓመት አራት ጊዜ እንዲወስዱት ይመክራል። ነገር ግን በመስከረም መድኃኒት ሰጥቶ በበዓሉ ጥሬ ሳንባ የሚወረውር ሰው የሠራውን መልሶ ያፈርሳል።

ስለ ማባበያ ምግብ አጭር ነገር ልበል። ልጆች ውሻን የሚወዱት በሚቀምሱት ነገር ነው፤ ከእጃቸው ከረሜላ፣ ቸኮሌት፣ ዘቢብና ማስቲካ ይደርሰዋል። ቸኮሌት ልብንና ነርቭን ይጎዳል፤ ዘቢብና ወይን ኩላሊትን ያደክማሉ፤ ስኳር አልባ በሚባሉ ማስቲካዎች ውስጥ ያለው ዛይሊቶል ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን የውሻን የደም ስኳር በድንገት ይጥለዋል፣ ጉበቱንም ይጎዳል። በእነዚህ ፈንታ ለውሻ የሚሆን ዳቦ ቆሎ መሥራት ይቻላል። ሁለት ስኒ የገብስ ዱቄት ከአንድ እንቁላልና ተቀቅሎ ከላመ ግማሽ ስኒ ጉበት ወይም ዱባ ጋር፣ ያለ ጨው፣ ያለ ስኳርና ያለ በርበሬ ይታሻል። እንደ ወትሮው በቀጭኑ ተድበልብሎ ይቆረጥና በለዘብተኛ እሳት ምጣድ ላይ እስኪደርቅ ይቆላል። ከቀኑ ምግብ አንድ አሥረኛው እንዳያልፍ በቀን 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም እፍኝ የማይሞላ፣ ይበቃዋል። ልጁ ራሱ ዱቄቱን ቢያሽ ደስታው እጥፍ ነው፤ እጁን ግን በፊትም በኋላም ይታጠብ። በጥሪ መምጣትን በዚህ የለመደ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሚሰጥበት ቀን በገመድ እየተጎተተ አይሄድም፤ ክትባት ሲሰጥ ቆሞ ያየ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ከዚህ በመነሳት ለጋዜጣችሁና ለሚመለከታቸው ሁሉ ጥቂት ጥያቄዎች አቀርባለሁ። ጋዜጣችሁ የበዓል እትሙን ስለ በግና ዶሮ ዋጋ በሚሞላበት ሳምንት፣ የታረደው በግ ሳንባ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር አንድ አምድ ቢጨምርበት የሚወጣበት ወጪ የለም። በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ በኮምቦልቻም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አሉን። ከዚያ ያሉ ባለሙያዎች በጭልፋ፣ በስኒና በእፍኝ የተሰፈረ፣ በገብስ፣ በማሽላና በጤፍ የሚሠራ፣ ለጾሙም ለፍስኩም የሚሆን የውሻ ምግብ አዘገጃጀት በአንድ ገጽ ቢያወጡልን በየእድሩና በየቀበሌው ሊለጠፍ ይችላል። የቡችላና የምታጠባ ውሻ መጠን ለብቻው ተለይቶ ይጻፍ፤ እኔ ከላይ የሰጠሁት ስፍር ለእነርሱ አይሠራም። የከተሞቻችን አስተዳደሮችም ለእርድ በዓላት በየሰፈሩ የሆድ ዕቃ መቅበሪያ ጉድጓድ አስቀድመው ቢያስቆፍሩ፣ ከበዓሉ ማግስት በየመንገዱ ዳር የምናየው ጥሬ አንጀትና ሳንባ ባለቤት ለሌላቸው ውሾች ድግስ መሆኑ ይቀራል። ለእነዚያ ውሾች ማንም ድስት አይጥድላቸውምና ጉድጓዱ የእነርሱ ነገር ብቸኛ መላ ነው። ቁፋሮው ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ማለቅ ስላለበት ደብዳቤዬ ከሚቀጥለው የእርድ በዓል ቀደም ብሎ እንዲወጣልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ